ሐይቁ ሲገለበጥ የት ልሂድ?

የእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። ከጓሮ ያጨድነው ሳር በቄጠማ ፈንታ ተጎዝጉዟል። ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሷል። ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣ "ዘንድሮስ የት ልትንከራተት ነው?" አሉኝ።

ጋሼ የሚስቴ አጎት ናቸው። ያደጉት ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ነው። ዓሣ ማለት ለእሳቸው ጠዋት ከጀልባ የሚወርድ፣ እዚያው ተገፎ እዚያው የሚጠበስ ነገር ነው። እኔ ደግሞ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የሚኒሶታን የሐይቅ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እንደ ትዳር ጉዳይ አሰላስላለሁ። በዓመት ቢበዛ ሁለት ዓሣ ለመያዝ። የያዝኩትንም መልሼ ለመልቀቅ። ጋሼ ይህንን እስካሁን ይቅር አላሉኝም።

ዓሣው መስኪ ይባላል። ሙሉ ስሙ መስኪለንጅ ነው። ስሙን ያገኘው ከእኛ በፊት እነዚህን ሐይቆች ሲያውቋቸው ከኖሩት ከኦጂብዌዎች ቋንቋ ነው። ረጅም ነው፣ አፉ ጠፍጣፋ፣ ጥርሱ የአዞ። ከአንድ ሜትር የሚያልፈው ብዙ ነው። ሌላ ዓሣ ይበላል፣ ካገኘ የዳክዬ ጫጩትም አይምርም። "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" ሲባል አያቴ ልትገስጸኝ ነበር። እዚህ አገር ግን ሆን ብለን፣ ገንዘብ ከፍለን፣ ጣት በብርድ እስኪደነዝዝ ጎርጉረን የምንፈልገው ዘንዶውን ነው።

አሜሪካኖቹ "አሥር ሺህ ጊዜ መንጠቆ ወርውረህ አንዴ የምትይዘው ዓሣ" ይሉታል። ማጋነን ነው። ግን በጣም ማጋነን አይደለም።

ለምን በዚህ ወቅት? እዚህ ፎል የሚሉት ጊዜ ከኛ መጸው ጋር ይገጥማል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። አገር ቤት አደይ አበባ ሲፈነዳ እዚህ ቅጠሉ ይረግፋል። መስኪ በረዶው ከመምጣቱ በፊት በደንብ ይበላል። ሴቶቹ ለጸደይ የሚጥሉትን እንቁላል መያዝ ስለሚጀምሩ ይከብዳሉ። የበጋ ጀልበኞችና የውሃ ስኪዎች ቤታቸው ገብተዋል። ውሃው ስለቀዘቀዘ የተያዘ ዓሣ ሲለቀቅ የመትረፍ ዕድሉ ከበጋው የተሻለ ነው። በሐምሌ ውሃው እንደ ሻይ ሲሞቅ እኔ መስኪን አልነካም።

ወቅቱ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ ሐይቁ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሐይቅ የመረጥኩት ሰው ልብስ በብራንድ እንደሚመርጠው ነው። ስም ያለው የቱ ነው? ትልቅ ዓሣ የወጣው ከየት ነው? እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 2021 ከሚል ላክስ ሐይቅ 55 ፓውንድ ከ14.8 አውንስ የሚመዝን መስኪ ወጣ። በእኛ ሚዛን ከ25 ኪሎ በላይ መሆኑ ነው። ርዝመቱ 57 ኢንች ከሦስት ሩብ። የያዙት ሰዎች መልሰው ሊለቁት ሞክረው ዓሣው ስላላገገመ ወደ ሚዛን ሄደ። ከ1957 ጀምሮ ያልተነካውን፣ ከዊኒቢጎሺሽ ሐይቅ የወጣውን የ54 ፓውንድ የሚኒሶታ ክብረ ወሰን ሰበረ። በኛ አቆጣጠር ዕለቱ ኅዳር 13 ነበር፤ የሚካኤል ማግስት። ይህንን ለጋሼ ስነግራቸው፣ "ታዲያ የሚካኤልን ቢሄድ ምን ሊይዝ ነበር?" አሉ።

እኔማ በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ ሚል ላክስ ነበርኩ። እኔና የሚኒሶታ ግማሹ። ሦስት ቀን ወረወርኩ። ሦስት ቀን ምንም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ነፋሱ ዞረ። ሚል ላክስ ክብ ማለት ይቻላል፣ ሜዳ ነው፣ መሸሸጊያ የለውም። ስፋቱ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የሐዋሳን ሐይቅ አምስት ስድስት ጊዜ ማለት ነው። ጥልቀቱ ግን ትልቁ ቦታ ላይ 13 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ አንዱ ሳይበርድ ሌላው ይደርሳል። የኔ ጀልባ 16 ጫማ አልሙኒየም ናት። ስመለስ ፊቴን በውሃ እየተመታሁ፣ "ማርያም ማርያም" እያልኩ ነው። ዳር ደርሼ ጀልባዋን ጋሪዋ ላይ ስጭን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከብርዱ ነው ብዬ ለሚስቴ ነገርኳት። ከብርዱ አልነበረም።

የሐይቁ ዝና ለኔ ጀልባ አልተሰፋም። ይህንን ለመረዳት ሦስት ቀንና አንድ ታንክ ቤንዚን አስከፈለኝ።

በቀጣዩ ዓመት ቂም ይዤ ወደ ሰሜን ሄድኩ። ቬርሚሊየን። ከቤቴ አራት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ደሴቱ 365 ነው ይላሉ፤ በቀን አንድ ብታዩ ዓመት ይሞላል። ወሽመጡ ብዙ፣ ከነፋስ መሸሸጊያው ብዙ። ድንጋይ አለው፣ የውሃ ሳር አለው፣ ጥልቅ ቦታው 23 ሜትር ይሆናል። የዚህ ሐይቅ መስኪ ድሮ የነበረ አይደለም። በ1980ዎቹ የክልሉ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ከሊች ሐይቅ ዘር የመጡ ጫጩቶችን ነው የጨመረበት። ጫጩቶቹ አድገው ዛሬ ሰው ከሌላ ክልል እየነዳ የሚመጣላቸው ሆነዋል። ልክ ለኔ የተሠራ ሐይቅ መሰለኝ። ለመስቀል ሳምንት አራት ሌሊት ካቢን ያዝኩ። ቅድሚያ ከፈልኩ። የማይመለስ።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ሽታውን ነው። ማለዳ ጀልባዋን ሳወርድ አንድ የማውቀው ነገር ሸተተኝ፣ የት እንደማውቀው ግን ጠፋኝ። ከዚያ ውሃውን አየሁት። ትላንት ጥርት ያለ ነበር የተባለው ውሃ ቡናማ ሆኗል፤ የበሰበሰ ሳር፣ ጥቁር ብናኝ፣ ዳር ዳሩን የማይጠፋ አረፋ። ያኔ ሽታው ትዝ አለኝ። የእናቴ የጠላ ጋን ነው። ጠልቆ ሲቀዳ፣ መጨረሻው ላይ አተላው ሲነሳ።

ሐይቁ ተገልብጧል። ተርንኦቨር ይሉታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ በጣም የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲደርስ ነው። በበጋ ላይኛው ውሃ በፀሐይ ይሞቃል፣ ይቀላል፣ ቀዝቃዛው ከሥር ይተኛል። ሁለቱ እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች በአንድ ግቢ ሳይነካኩ ወራት ይኖራሉ። ከሥር ያለው አየር አያገኝም፣ የወደቀው ቅጠልና ሳር እዚያ ይበሰብሳል፣ ኦክስጅኑ ያልቃል። መስከረም ሲመጣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የላዩ ውሃ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይሰምጣል። ከሥር ያለው ከላዩ ጋር አንድ ዓይነት ሙቀት ላይ ሲደርስ በመሃላቸው የነበረው ወለል ይፈርሳል። ከዚያ አንድ ደህና ነፋስ ይበቃል። ሐይቁ በሙሉ ይማሰላል። ጥሩው ጠላ ጉሽ ይሆናል።

ለሐይቁ ጤና ነው፤ ከሥር ያለው ሁሉ ይተነፍሳል። ለአጥማጁ ግን ራስ ምታት ነው። በበጋ ዓሣው የት እንዳለ መገመት ይቻላል፤ ከታች አየር የለም፣ ከላይ ይሞቃል፣ የሚመቸው መሃል ነው። ሲገለበጥ ግን ሁሉም ቦታ እኩል ይሆናል። የአንድ ክፍል ተከራይ የነበረ ሰው ድንገት የሕንጻው ቁልፍ በሙሉ ቢሰጠው የት ክፍል ታገኙታላችሁ?

አራቱን ቀን ገፋሁት። ካቢኑን ለሚያከራዩት ሰውዬ፣ ሳስይዝ ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ። "በየዓመቱ ይገለበጣል" አሉኝ። እውነት ነው። ስህተቱ የኔ ነው። ቀኑን የመረጥኩት መስቀልን አይቼ እንጂ ውሃውን አይቼ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር አገኘሁ። ዓሣ አይደለም። ሰልችቶኝ፣ የሚጠበብ የውሃ መንገድ አልፌ ወደ አንዲት ትንሽ፣ ጥልቀት ወደሌላት ወሽመጥ ገባሁ። ውሃው ጥርት ያለ ነው። የሚሸት ነገር የለም። ያንዱ ሐይቅ አንዱ ክፍል በሽታ ላይ፣ ሌላው ደህና። ትንሽና ጥልቀት የሌለው ውሃ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ ጣጣውን ቀድሞ ይጨርሳል። ሰፊውና ጥልቁ ይዘገያል። ጀልባዋ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቆሎ እየቆረጠምኩ አሰብኩ። ይህ በአንድ ሐይቅ ውስጥ እውነት ከሆነ፣ በሐይቆችም መሃል እውነት ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐይቅ መምረጥ ትቼ ሳምንት መምረጥ ጀመርኩ።

አንድ ደብተር አለኝ። የልጄ የሒሳብ ደብተር ነበር፣ ሁለት ገጽ ጽፋ የተወችው። የሄድኩበትን ቀን፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የላዩን ውሃ ሙቀት እጽፋለሁ። በፋረንሃይት ነው የምጽፈው፤ የጀልባዋ መሣሪያ የሚያሳየኝ እሱን ነው፣ አሁንማ ጭንቅላቴም በእሱ ያስባል። ውሃው ከ60 በታች ወርዶ ወደ 55 ሲጠጋ ጥልቅ ሐይቆችን እጠረጥራለሁ። በዚያ ሰሞን ወይ ጥልቀት የሌለውን፣ በጋውን በሙሉ ነፋስ ሲያማስለው የከረመውን ውሃ እመርጣለሁ። እንደ ሚል ላክስ ያለው ከሥር ተኝቶ የሚጠብቅ ብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሌለው መገለበጡ ያን ያህል አያምሰውም። ወይ ደግሞ ወደ ደቡብ እመለሳለሁ። ሰሜኑ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ ከተማው አካባቢ ያለው ዘግይቶ።

ይሄ "ከተማው አካባቢ" የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያስቃል። መስኪ ለመያዝ ሰው ወደ ካናዳ ይነዳል፣ ላክ ሱል፣ ኢግል ሌክ ይላል። እኔ ግን ከሴንት ፖል ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ዋይት ቤር ሐይቅ አለልኝ። 25 ሜትር የሚደርስ ጥልቀት አለው፣ ውሃው ጥሩ ነው፣ መስኪ ተጨምሮበታል። ሚኒያፖሊስ መሃል ሌክ ሃሪየት ላይ እንኳ፣ ሰዎች ዳሩን ከውሻቸው ጋር በሚሮጡበት፣ መስኪ አለ። አንድ ጥቅምት ማታ ሃሪየት ላይ ስወረውር ዳር ላይ የቆሙ ሁለት ሐበሻ ሴቶች ይወያያሉ። "ምን እያደረገ ነው?" አለች አንዷ። "እንጃ፣ ጅራፍ እያጮኸ ነው መሰለኝ" አለች ሌላዋ። ዝም አልኩ። ምን እላለሁ?

ከሙቀቱ ቀጥሎ የማየው ምግቡን ነው። ይሄኛው ላይ ክልሉ ራሱ ያግዛል። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የሐይቁን ስም ስትጽፉ የጥልቀት ካርታው ይወጣል፣ በየትኛው ዓመት ስንት መስኪ እንደጨመሩ ይወጣል፣ በመረብ ሲቆጥሩ ምን ምን ዓሣ እንዳገኙ ይወጣል። በነፃ። እኔ መጀመሪያ የማየው የመስኪውን ቁጥር አይደለም። መስኪ በየትኛውም ሐይቅ ጥቂት ነው። የማየው ተላቢ አለ ወይ የሚለውን ነው። ተላቢ ብርማ፣ ቅባታም፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው፤ ሌላ ቦታ ሲስኮ ይሉታል። ተላቢ የበላ መስኪ በሬ ያህላል። ሌላ ትናንሽ ነገር ሲለቃቅም የሚኖረው ቁመት ያወጣል እንጂ ሥጋ አይሞላም።

ተላቢ ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለው። እንቁላሉን የሚጥለው በፎል ማብቂያ ነው፤ ውሃው ወደ 40 ፋረንሃይት ሲጠጋ፣ በእኛ 4 ወይም 5 ዲግሪ። ያኔ ከጥልቁ ወጥቶ ድንጋያማና ጠጠራማ የሆኑ፣ ጥልቀት የሌላቸው ቦታዎች ላይ በመንጋ ይሰበሰባል። የሠርግ ቤት ነው። መስኪም ያልተጠራ እንግዳ ሆኖ ይመጣል። እኔ ከመጣሁ ደግሞ ያልተጠራን ሁለት ሆንን።

እንግዲህ ዓመቱ እንዲህ ይከፈላል። መስከረም ማብቂያ ላይ፣ ነፋስ የሌለበት ትንበያ ካገኘሁ ብቻ፣ ሚል ላክስ። በጥቅምት መጀመሪያ ሰሜኑ ሲታመስ ዋይት ቤር፣ ከሥራ መልስ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት። ጥቅምት ሲጋመስ ቬርሚሊየን፤ ጉሹ ጠርቶ ስለሚጠብቀኝ። ኅዳር መግቢያ ላይ የተላቢው ሠርግ። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ነው። በተግባር አለቃዬ አለ፣ የልጄ ኳስ ጨዋታ አለ፣ የማኅበር ተራ አለ።

ስለ ሊች ሐይቅ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የነባሩ መስኪ አገር ነው፣ እዚህ ክልል ብዙ ቦታ የተጨመረው ዘር የተገኘው ከእሱ ነው። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ወድጄዋለሁ። ግን ሰፊ ነው፣ ሩቅ ነው፣ ጀልባዬ ትንሽ ናት። ይኸው ነው።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም፣ እሱን ያለኔም የሚያወራው ሞልቷል። አንድ ነገር ብቻ። መስኪ ሊይዝ የሚሄድ ሰው ትልቅ የጎማ መረብ፣ ረጅም ፒንሳና መንጠቆ የሚቆርጥ ብረት መቁረጫ ከሌለው አይሂድ። መንጠቆው ከዓሣው አፍ አልወጣ ሲል ቆርጦ መልቀቅ ነው። መንጠቆ ሦስት ዶላር ነው፤ ያ ዓሣ ግን ምናልባት ሃያ ዓመት ኖሯል። ደግሞ ብርዱ ሲበረታ ዓሣውን ለፎቶ አየር ላይ ማቆየት ዓይኑንና ስንጥቡን ያቀዘቅዘዋል። ውሃው ውስጥ መረቡ ላይ እንዳለ አይታችሁት ልቀቁት።

ከጋሼ ጋር የምንጣላው እዚህ ላይ ነው።

"ይዘህ ትለቃለህ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ለምን ያዝከው ታዲያ?"

ሕጉን ነገርኳቸው። በሚኒሶታ በአብዛኛው ሐይቅ ላይ ከ54 ኢንች ያነሰ መስኪ ወደ ቤት ይዞ መሄድ ክልክል ነው። 54 ኢንች ማለት 137 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ቁመት። እንደዚያ ያለ ዓሣ ዕድሜ ልኩን ሲያጠምድ ኖሮ ያላየ ሰው ሞልቷል። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝ። "እኛ ዘንድ ቆሮሶው አንሶ አንሶ መዳፍ አክሏል" አሉ በመጨረሻ። "መረቡን አጠበቡት፣ ጫጩቱን ሁሉ አወጡት። አምባዛም ድሮ ነበር።" ከዚያ በኋላ መልቀቄን አይነቅፉም። መያዜን ነው የሚነቅፉት። "ካልበላኸው ተወው፣ ምን ታስጨንቀዋለህ" ይላሉ። ለዚህኛው እስካሁን መልስ የለኝም።

ዘንድሮ ዕቅዱ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ሄደ አልሄደም ነበር። ሚል ላክስን ለመስቀል አስቤው ነፋሱ አራት ቀን አልቆመም። ቀረሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆን እሄድ ነበር። ዋይት ቤር ላይ ስድስት ማታ ወጣሁ፣ አንድ ዓሣ ያዝኩ፣ 38 ኢንች። ጨለማ ውስጥ፣ የሰው መኖሪያ መብራት እየታየኝ፣ ከአንዱ ግቢ የእግር ኳስ ስርጭት እየተሰማኝ። ለቀቅኩት። ቬርሚሊየን አልተሳካም፤ ልጄ ታመመች።

ቀረ የተላቢው ጊዜ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ ለአንድ ቀን ነፋሱ እንደሚቆም ትንበያው ተናገረ። ሐሙስ ነበር። ፈቃድ ጠየቅሁ። ማታ ጋሼ ደወሉ። "እኔም እመጣለሁ" አሉ። "ምን እንደሚያሳብድህ ልየው።"

ጽጌ ጾም ላይ ናቸው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ሽሮ ፍትፍታቸውን በዕቃ፣ ሻያቸውን በፔርሙዝ ይዘው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከላይፍ ጃኬቱ ሥር ጋቢ ለብሰዋል። ጃኬቱ አልዘጋ አለ። ጋቢውን እንዲያወልቁ ለመንኳቸው። "ይሄ ከሌለ እኔ የለሁም" አሉ። ጋቢውን አጣጥፈን ወገባቸው ላይ ጠቅልለን ጃኬቱን ከላይ ቆለፍነው። ያለ ጃኬት ጀልባዬ ላይ ማንም አይወጣም፤ በዚህ ሰሞን ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ክንዱ ለመዋኘት የሚታዘዘው ለጥቂት ደቂቃ ነው።

ሐይቁ ያን ጠዋት ሰሌዳ ነበር። ሰማዩም ውሃውም አንድ ግራጫ። ጀልባ ማውረጃው ላይ ከኛ ሌላ አንድ መኪና ብቻ። ድንጋያማው ቦታ ላይ ስንደርስ ሶናሩ፣ ከውሃ ሥር ያለውን የሚያሳየው መሣሪያ፣ ከሥራችን ደመና ደመና የሚመስል አሳየ። ተላቢዎች። መወርወር ጀመርኩ።

አየሩ ከዜሮ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን ክሩ ይዞት የሚመጣው ውሃ በዘንጉ ቀለበቶች ላይ ይረጋል። መጀመሪያ እንደ ስኳር ነው። ከዚያ ቀለበቱ ይጠባል። ከዚያ ክሩ አይሄድም፣ ወረወርኩ ሲሉ ማባበያው፣ መንጠቆ ያለበት የውሸት ምግብ፣ ፊት ለፊት ጡብ እንደተወረወረ ይወድቃል። በየአምስት ደቂቃው ዘንጉን ውሃ ውስጥ ነክሬ በጣቴ በረዶውን እሰብራለሁ። ጓንቴ ረጥቧል። ጋሼ ይህንን ሁሉ በአንክሮ ያያሉ። "በገንዘብህ ነው አይደል?" አሉ አንዴ። ሌላ ምንም አላሉም።

አራት ሰዓት አለፈ። ጋሼ ፍትፍታቸውን ፈቱ። "የጾሙን ሰዓት አልቀደሙም ወይ?" አልኳቸው። "እግዜር ይህንን ብርድ አይቶ ይፈርዳል" አሉ።

እየተሳሳቅን ማባበያው ጀልባዋ አጠገብ ደረሰ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚደረግ ነገር አለ። ዝም ብሎ አይወጣም። የዘንጉ ጫፍ ውሃ ውስጥ ይነከርና በውሃው ላይ ስምንት ቁጥር ይጻፋል። የፈረንጁ 8 ማለቴ ነው፣ የግዕዙ ፰ አይደለም። መስኪ ብዙ ጊዜ ማባበያውን ከሩቅ ተከትሎ መጥቶ ጀልባው ሥር ይቆማል። ሲዞር ያየው ምግብ ሊያመልጥ ነው ብሎ አንዳንዴ ይመታል። በየውርወራው ይህንን ማድረግ ያሰለቻል። መቶ ጊዜ ባዶ ውሃ ላይ ትጽፋለህ።

ዘንጉን ነከርኩ። የመጀመሪያውን ዙር ዞርኩ።

"አንተ ልጅ" አሉ ጋሼ፣ ድምፃቸው ተቀይሮ። "አዞ ነው።"

ከማባበያው ኋላ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ቡናማ ነገር ቆሟል። መጀመሪያ ግንድ መሰለኝ። ከዚያ ክንፎቹ እንደ ማራገቢያ ቀስ ብለው ሲሠሩ አየሁ። ጀርባው የመዳፌን ሁለት እጥፍ ይሰፋል። ዓይኑ እኛን አያይም፣ ማባበያውን ነው የሚያየው። ሁለተኛውን ዙር አሰፋሁት። ጭንቅላቱ ተከተለ። ሦስተኛውን ዞርኩ። ጋሼ የጀልባዋን ጠርዝ ይዘው አጎንብሰዋል፣ ማንኪያቸው እጃቸው ላይ ነው። እንጀራዋ ከማንኪያው ላይ ወደ ውሃው ጠብ አለች።

ዓሣው ወደ ታች ዘቀጠ። አልተደናገጠም፣ አልሮጠም። እየደበዘዘ እየደበዘዘ ሄደና ውሃው መልሶ ግራጫ ሆነ።

ለረጅም ጊዜ አልተናገርንም። ከዚያ ጋሼ ጉልበታቸውን ይዘው ተቀመጡ።

"ሽሮ አይወድም" አሉ።

እስከ ከሰዓት እዚያው ቦታ ላይ ቆየን፤ ከሌላ ማባበያ ጋር፣ ቀስ ብሎ፣ ፈጠን ብሎ። አልተመለሰም። ጋሼ "እስቲ ስጠኝ" ብለው ዘንጉን ወሰዱና አንድ ሰዓት ያህል ወረወሩ። አወራወራቸው ያምራል፤ ልጅ ሆነው በክርና በመንጠቆ የለመዱት ክንድ አልረሳም። በየውርወራው መጨረሻ ሳልነግራቸው ስምንት ቁጥሩን ጻፉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከምዕራብ ቀጭን ነፋስ ተነሳ። ውሃው መሸብሸብ ሲጀምር ሞተሩን አስነሳሁ። ዳር ወጥተን የጀልባዋን የውሃ መውጫ ቡሽ ነቀልኩ፤ የአንዱን ሐይቅ ውሃ ወደ ሌላው ይዞ መሄድ እዚህ ያስቀጣል። ውሃው አስፋልቱ ላይ እየፈሰሰ ሳለ ደብተሬን አወጣሁ። ጋሼ የመኪናውን ማሞቂያ አስነስተው፣ ጋቢያቸውን ፈትተው ተከናንበዋል። መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ "ስንት ዲግሪ ነበር?" አሉኝ።

"አርባ አንድ" አልኳቸው።

"ጻፈው" አሉና መስኮቱን ዘጉ።